መንኮራኩሯ ለምን ባዶዋን ተመለሰች?

«በሰላም ካረፈች ታዲያ ምን አስጨነቃቸው?»

ቦይንግ ስለሠራት የጠፈር መንኮራኩር፣ ስለ ስታርላይነር፣ ባወራሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል። ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ ማታ ማታ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ሥልጠና እሰጣለሁ። ሠልጣኞቹ የባንክ ሰዎች፣ የግንባታ መሐንዲሶች፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ናቸው። አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሺያንም አሉን። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በመጽሐፍ ላይ ያሉት ምሳሌዎች ስለ ሳሙና ፋብሪካና ስለ ችርቻሮ ሱቅ ስለሆኑ ሰው ያንቀላፋል። ይህን ጉዳይ ያመጣሁ ዕለት ግን ማንም አላንቀላፋም። የታክሲ ሰዓት እስኪያልፍ ተከራከርን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሁለት ጠፈርተኞች ለስምንት ቀን ያህል ተብሎ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄዱ። የወሰደቻቸው መንኮራኩር በመንገድ ላይ ታመመች። የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ ሳምንታት ሙሉ ሲመረምር ቆይቶ ሰዎቹን እዚያው አስቀርቶ መንኮራኩሯን ባዶዋን መለሳት። እሷም ምንም ሳትሆን አረፈች። ሰዎቹ የተመለሱት በሌላ ኩባንያ መንኮራኩር፣ ከወጡ በ286ኛው ቀን ነው።

ቀኖቹንና ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ከመነሳቷ በፊት የነበረው

በ2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች፣ እነ ስፔስ ሻትል፣ ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ሰው ወደ ጣቢያው ለመላክ የሩሲያን ሶዩዝ መንኮራኩር መከራየት ነበረባት። ይህ ስላልጣማቸው በመስከረም 2007 ናሳ ለሁለት ኩባንያዎች ውል ሰጠ። ለቦይንግ 4.2 ቢሊዮን ዶላር፣ ለስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር። ሁለቱም ሰው የምትጭን መንኮራኩር እንዲሠሩ ነው።

ያኔ ብዙ ሰው የሁለቱን ዋጋ አይቶ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚያውቅ መስሎት ነበር። ቦይንግ ትልቁ፣ ነባሩ፣ ልምድ ያለው ነው። ስፔስኤክስ ደግሞ ገና ሰው አሳፍሮ የማያውቅ ወጣት ኩባንያ። ይህን ቁጥር ለጊዜው ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የስታርላይነር የመጀመሪያ ባዶ የሙከራ በረራ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ነበር። ቀኑን የምታስታውሱ አትጠፉም። በዚያው ዕለት ንጋት ላይ የኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይና ተተኩሳ እንጦጦ ላይ ሲጨበጨብ ነበር። ከሰዓታት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ስታርላይነር ከፍሎሪዳ ተነሳች። የኛዋ ምሕዋሯን ያዘች። የእነሱዋ ግን ሰዓቷ ተሳስቶ ነበር። የጉዞ ሰዓት ቆጣሪዋ 11 ሰዓት ያህል ተዛብቶ ስለተሞላ፣ ሞተሯን በማይገባ ጊዜ አስነስታ ነዳጇን አባከነች። ጣቢያው ጋ ሳትደርስ በሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ሠልጣኞቼ ይህን ሲሰሙ በኩራት መሳቃቸው አልቀረም። ይቅር ይበላቸው፤ እኔም ፈገግ ብያለሁ።

በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ሁለተኛውን ሙከራ ሊያደርጉ ሲሉ 13 ቫልቮች ተጣብቀው አልከፈት አሉ። እርጥበት ነዳጁን ከሚያነድደው ኬሚካል ጋር ተገናኝቶ ዝገት ፈጥሮ ነበር። በግንቦት 2014 በረራው ተሳካና መንኮራኩሯ ባዶዋን ጣቢያው ላይ ደርሳ ተመለሰች። በዚያ በረራ ላይም ግን አንዳንድ ትረስተሮች፣ ማለትም መንኮራኩሯን የሚያዞሩና የሚገፉ ትናንሽ ሞተሮች፣ በመንገድ ላይ ጠፍተው ነበር። ሌሎቹ ሸፈኑላቸው። በረራው «ተሳካ» ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ እጃቸውን ያወጡት። «ቆይ፣ ለምን እንደጠፉ አወቁ?» አሉ። ሙሉ በሙሉ አላወቁም። «እሺ፣ ቀጥል» አሉኝ። አነጋገራቸው ግን የመርማሪ ነበር።

በ2015 ደግሞ የፓራሹት ማያያዣዎቹ ከታሰበው በላይ ደካማ መሆናቸው ታወቀ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ የተጠቀለሉበት ፕላስተርም እሳት ሊይዝ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ያንን ሁሉ ሲፈቱ ሌላ ዓመት ሄደ። ስፔስኤክስ በዚህ ጊዜ የት ነበር? እሱም ሚያዝያ 2011 አንዲት ካፕሱል መሬት ላይ በሙከራ ስትፈነዳ አይቷል። በግንቦት 2012 ግን ሰው አሳፍሮ ጣቢያው ደርሷል። ስታርላይነር ሰው ልትጭን ስትዘጋጅ የእሱ መንኮራኩር ድራገን ለዓመታት ስትመላለስ ቆይታለች።

ሻንጣውን ትቶ የሄደ እንግዳ

የተመረጡት ሁለቱ ልምድ ያላቸው ነበሩ። ቡች ዊልሞር 61 ዓመቱ፣ ሱኒ ዊሊያምስ 58 ዓመቷ። ሁለቱም ከባሕር ኃይል የወጡ የሙከራ አብራሪዎች፣ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሁለት ሁለት ጊዜ ጠፈር የሄዱ።

የመጀመሪያው የመነሻ ቀጠሮ በፋሲካ ማግስት ነበር። ሁለቱ ወንበራቸው ላይ ታስረው ሳለ መንኮራኩሯን የሚያወጣው የአትላስ ሮኬት አንድ ቫልቭ መርገብገብ ጀመረና ተሰረዘ። ይህን ሲጠግኑ ደግሞ በመንኮራኩሯ በራሷ ላይ የሂሊየም ጋዝ ፍንጥቅታ አገኙ። ሂሊየሙ ነዳጁን ወደ ትረስተሮቹ የሚገፋው ነው። ጥፋተኛ ናት የተባለችው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጎሚኒ ነበረች። መሐንዲሶቹ አሰሉ። ፍንጥቅታው መቶ እጥፍ ቢብስ እንኳ መቋቋም ይቻላል አሉ። ስለዚህ ሳይቀይሯት ለመብረር ወሰኑ። ግንቦት 24 እንደገና ሞከሩ። ሊነሳ አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው የምድሩ ኮምፒውተር አስቆመው። ግንቦት 28 ቀን 2016፣ ከአመሻሹ 11 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በእኛ ሰዓት፣ በመጨረሻ ተነሱ።

አንድ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ጣቢያው ላይ ሽንትን አጣርቶ ወደ ውኃ የሚመልሰው ማሽን ፓምፑ ተበላሽቶ ነበር። ምትኩ ከባድ ነው። ቦታ ለማስለቀቅ የቡችና የሱኒ ሻንጣዎች ከመንኮራኩሯ ወረዱ። ልብሳቸው፣ የፀጉርና የገላ ዕቃቸው፣ ሁሉም ቀረ። «ለአንድ ሳምንት ነው፣ እዚያ ያለውን ትለብሳላችሁ» ተባሉ። ሰው ለስምንት ቀን ደብረ ዘይት ቢሄድ እንኳ ቅያሪ ይይዛል! ልብሳቸው የደረሰው በሐምሌ መጨረሻ በዕቃ ጫኝ መንኮራኩር ነው።

ጣቢያው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። አንዳንድ ምሽት በአዲስ አበባ ላይም ያልፋል። መስቀል አደባባይ ቆሞ ያየው ሰው አብሮኝ አለ። መንኮራኩር ወደዚያ ስትጠጋ የሚፈቀድ ስሕተት የለም። በስድስቱም መንገድ ራሷን መቆጣጠር አለባት። ሦስቱ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች መሄድ ነው። ሦስቱ ደግሞ በሦስቱም ዘንግ መዞር ነው።

ግንቦት 29 ማታ ስታርላይነር ስትጠጋ ትረስተሮቿ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ከ28ቱ ትናንሽ ትረስተሮች በጠቅላላው አምስት ጠፉ። አራተኛው ሲጠፋ ቡች መሪውን በእጁ ይዞ ነበር። በዚያች ቅጽበት መንኮራኩሯ በስድስቱም አቅጣጫ የመታዘዝ አቅሟን አጣች። ሕጉ ጣቢያውን ትተህ ራቅ ይላል። ቡች በኋላ እንዳስረዳው ችግሩ ሌላ ነበር። ወደ ምድር ለመመለስም እኮ እነዚያው ትረስተሮች ያስፈልጋሉ። ይመለሱ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። ከፊቱ ያለው ጣቢያ ደግሞ ቅርብ ነው።

ሂውስተን ካለው የናሳ መቆጣጠሪያ የመጣው ትእዛዝ ከመሪው ላይ እጅህን አንሳ የሚል ነበር። ትረስተሮቹን አጥፍቶ እንደገና ለማስነሳት ነው። በምድር ላይ ኮምፒውተራችን ሲደርቅብን የምናደርገው ነገር ነው፤ እዚያ ግን ሁለት ሰው ነው የተቀመጠው። ለሙከራ አብራሪ በዚያ ሰዓት እጅን ማንሳት ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱ። ቡች እጁን አነሳ። ትረስተሮቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ከአምስቱ አራቱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ላይ ስታርላይነር ጣቢያው ላይ ተያያዘች። ከመነሻው አንድ የነበረው የሂሊየም ፍንጥቅታም በበረራው ወቅት አምስት ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ያየው ጭብጨባውንና እቅፉን ነው። ሱኒ ወደ ጣቢያው ስትገባ እየተወዛወዘች ጨፍራለች። ትረስተሮች መጥፋታቸው በዚያው ዕለት ተነግሯል። ሁኔታው ለቡች ምን ያህል ከባድ እንደነበር በዝርዝር የተሰማው ግን ከወራት በኋላ፣ እሱ ራሱ ሲያወራ ነው።

የክረምቱ ምርመራ

ክረምቱ እኛ ጋ ሲገባ እነሱ ጋ ምርመራ ገባ። ስምንቱ ቀን አለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ።

ለምን ቶሎ አልመለሷትም? መልሱ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ስታርላይነር ሁለት ክፍል አላት። ሰው የሚቀመጥበት ካፕሱልና ከኋላዋ ያለ የአገልግሎት ክፍል። የታመሙት ትረስተሮችና የሚያፈስሰው ሂሊየም ያሉት በኋለኛው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ደግሞ ወደ ምድር አይመለስም። ካፕሱሏ ወደ አየር ከመግባቷ በፊት ይጣላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ በሽተኛውን ክፍል የመመርመር ዕድል ያላቸው እዚያ ላይ እስካለ ብቻ ነው። አንዴ ከለቀቁት ማስረጃው ይጠፋል።

በሐምሌ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሚገኘው ኋይት ሳንድስ አንድ ተመሳሳይ ትረስተር መሬት ላይ አስረው እንደ በረራው ደጋግመው አነደዱት። ከዚያ ፈትተው አዩት። ውስጡ ያለች ትንሽ የቴፍሎን ማኅተም፣ ማለትም ፍሳሽ ማገጃ፣ በሙቀት አብጣ ነበር። ያበጠችው ማኅተም ነዳጁ እንዲነድድ የሚያስፈልገውን ኦክሲዳይዘር መንገድ ታጠባለች። ትረስተሩ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኮምፒውተሩም «ታሟል» ብሎ ያጠፋዋል። ሙቀቱ ከየት መጣ? ትረስተሮቹ «የውሻ ቤት» በሚሏቸው አራት ሳጥኖች ውስጥ ተጠጋግተው ነው የተደረደሩት። በተከታታይ ሲነድዱ እርስ በርስ ይጋገራሉ።

በሐምሌ መጨረሻ ጣቢያው ላይ እንዳለች ትረስተሮቹን ለአጭር አጭር ጊዜ አስነስተው ሞከሩ። 28ቱ ውስጥ አንዱ እስከ መጨረሻው ከሥራ ውጪ ተደርጎ ነበር። 27ቱ ተሞከሩ፣ ጥሩ ሠሩ። ቦይንግ ይህን ይዞ መንኮራኩሯ ሰው ይዛ ለመመለስ ዝግጁ ናት አለ።

የናሳ መሐንዲሶች ግን አንድ ነገር አላስተኛቸውም። ማኅተሟ ምድር ላይ ካበጠች፣ እዚያ ላይ ያለችው ለምን ጤናማ መሰለች? ስትቀዘቅዝ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ነው? ከሆነ በመመለሻው ጊዜ እንደገና ስትሞቅ ምን ትሆናለች? ለመመለስ ትልልቆቹ ሞተሮች ፍጥነቷን ሲቀንሱ፣ ትናንሾቹ አቅጣጫዋን ይይዛሉ። ያን ጊዜ አቅጣጫዋ ከተዛባ ማረም ከባድ ነው።

የሆስፒታሏ ሠልጣኝ ጋሼን ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «አየሽ ልጄ፣ አውሮፕላን ጉድለት ይዞ ይበራል። የሚፈቀድ ጉድለት ዝርዝር አለ። ይመዘገባል፣ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል፣ ይበራል። እኔ ስንቱን ፈርሜያለሁ። ግን የምፈርመው ምክንያቱን ሳውቀው ነው። ምክንያቱን ካላወቅኩት፣ ዛሬ ደህና ሠራ ማለት ለእኔ ምንም አይነግረኝም።»

ከዚህ የተሻለ የጉዳዩ ማብራሪያ አልሰማሁም። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ቦይንግ የያዘው «እየሠራ ነው» የሚለውን ነው። ናሳ የያዘው «ለምን እንደሚሠራ አላወቅንም» የሚለውን።

የስሙ ነገር

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ስለ ቦይንግ ሲያወሩ ሌላ ነገር ወደ ክፍሉ ይገባል። መጋቢት 1 ቀን 2011፣ እሑድ ጠዋት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። በሥልጠናችን ምሽትም አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። አንዱ መሐንዲስ «ያው ናቸው፣ ምን ትጠብቃለህ» አለ።

እኔ በዚህ አልስማማም፤ ያኔም ነግሬዋለሁ። ማክስን የሠራውና ስታርላይነርን የሠራው የአንድ ኩባንያ የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። የአንዱ ጥፋት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። ቴክኒኩም አይገናኝም። ማክስ ላይ የአፍንጫውን አቅጣጫ ወደ ታች የሚገፋው ሶፍትዌር የአንድ ዳሳሽ ንባብ ብቻ አምኖ ይሠራ ነበር። ስታርላይነር ላይ ችግሩ ሙቀትና ማኅተም ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበለዋለሁ። ከቢሾፍቱ በፊትም ምልክት ነበር። በጥቅምት 2011 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰው ካለቀ በኋላ ሌሎቹ ማክሶች መብረራቸውን ቀጠሉ። «መፍትሔ እየመጣ ነው» ተብሎ። ጋሼም ይህን ሲሰሙ ነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት። የስታርላይነር የግንቦት 2014 በረራም ምልክት ነበረበት። ስለዚህ ለናሳ በክረምት 2016 የቀረበለት ጥያቄ አዲስ አልነበረም።

የነሐሴ 18 ውሳኔ

ነሐሴ 18 ማታ የያኔው የናሳ ዋና አስተዳዳሪ ቢል ኔልሰን መግለጫ ሰጡ። ስታርላይነር ባዶዋን ትመለሳለች። ቡችና ሱኒ በየካቲት አካባቢ በስፔስኤክስ ድራገን ይመጣሉ። ድምፅ የሰጡት የናሳ ክፍሎች ሁሉም በአንድ ቃል ነበሩ። በመግለጫው መድረክ ላይ የቦይንግ ሰው አልነበረም።

ኔልሰን በዚያ ቀን ቻሌንጀርና ኮሎምቢያ የተባሉትን ሁለት ስፔስ ሻትሎች አነሱ። ቻሌንጀር ጥር 1978 ላይ፣ ኮሎምቢያ ጥር 1995 ላይ፣ እያንዳንዳቸው ሰባት ሰው ይዘው ጠፍተዋል። በቻሌንጀር ዋዜማ መሐንዲሶች ብርዱ የሮኬቱን ማኅተም ያበላሻል ብለው ለምነው ነበር። ማንም አልሰማቸውም። ልብ በሉ፤ ያኔም ማኅተም ነበር።

ሠልጣኞቼን በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ድራገን ባትኖር ኖሮ ናሳ እምቢ ይል ነበር?»

ክርክሩ የሞቀው ያኔ ነው። የባንኩ ልጅ «ይል ነበር፣ ሕይወት ነው» አለ። የግንባታዋ መሐንዲስ ሳቀችበት። «አማራጭ ከሌለህ እምቢ ማለት አትችልም። እኛ ጋ ሲሚንቶ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲመጣ ጥራቱን ማን ይመልሳል? ይወስደዋል እንጂ» አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ድራገን ባትኖር ያ ስብሰባ የሚወያየው ሌላ ነገር ነበር። በየትኛው መንገድ ሰው ጭነን እንመልሳት የሚል። መሐንዲሶቹም ያው ቁጥር ይዘው የተለየ መደምደሚያ ላይ ይደርሱ ነበር። ሰው አማራጭ ሲያጣ ሥጋቱን በትንሹ ማየት ይጀምራል። ይህ የማጭበርበር ጉዳይ አይደለም፤ አእምሮ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ያዙልኝ ያልኳችሁ የ2007ቱ ቁጥር እዚህ ላይ ይመጣል። ያኔ በኮንግረስ ውስጥ ሁለት ኩባንያ ለምን ይከፈለዋል፣ አንዱ አይበቃም ወይ የሚሉ ብዙ ነበሩ። አንድ ብቻ ቢመረጥ ደግሞ ብዙዎች የሚገምቱት ቦይንግን ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ በነሐሴ 2016 ምን እንደሚሆን አስቡት። ለሁለተኛው ኩባንያ የተከፈለው 2.6 ቢሊዮን ዶላር ከሌላው ጥቅሙ ጋር እምቢ የማለት መብትም ገዝቷል።

የእምቢታው ዋጋ

እምቢታው ነፃ አልነበረም። የምናሞግሰው ውሳኔ ምን እንዳስከፈለ ካላየን ግማሹን ብቻ ነው ያየነው።

አንደኛ ወንበር። ቀጣይዋ ድራገን አራት ሰው ልትወስድ ነበር። ሁለት ወንበር ለመመለሻ ባዶ መሆን ነበረበት። ለዓመታት የሠለጠኑት ዚና ካርድማንና ስቴፋኒ ዊልሰን ወረዱ። ኒክ ሄግና ሩሲያዊው አሌክሳንደር ጎርቡኖቭ ብቻ መስከረም 18 ቀን 2017፣ በመስቀል ማግስት፣ ወጡ። ስለ ቡችና ሱኒ ብዙ ተጽፏል። ስለነዚህ ሁለት ሴቶች ግን እምብዛም። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዝምተኛ ዋጋ ከፋዮች እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ ልብስ። የስታርላይነር የበረራ ልብስ ድራገን ላይ አይሰካም። የአየርና የመገናኛ መግጠሚያው ይለያያል። ለሱኒ የሚሆን አንድ የድራገን ልብስ ጣቢያው ላይ ተገኘ። የቡች ከምድር ተላከለት።

ሦስተኛ ደግሞ ያ የሦስት ሳምንት ክፍተት። ስታርላይነር ከሄደች በኋላ አዲሷ ድራገን እስክትመጣ ድረስ ሁለቱ የራሳቸው የማምለጫ ወንበር አልነበራቸውም። በዚያ መሃል ጣቢያው ላይ እሳት ቢነሳ ወይም አየር ቢያፈስስ፣ እዚያው በነበረችው ድራገን ውስጥ፣ ከአራቱ ወንበሮች በታች ዕቃ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በስፖንጅ ላይ ታስረው ይመለሱ ነበር። ናሳ ይህን አስቦ ነው የወሰነው። አንዱን ሥጋት በሌላ ሥጋት ነው የለወጠው። ሁለተኛው ይታወቃል፣ ይሰላል። የመጀመሪያው አይታወቅም። የጋሼ ሕግ ማለት ነው።

ጳጉሜን 2 ጠዋት

ከመሄዷ በፊት፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ቡች ከስታርላይነር ድምፅ ማጉያ እንግዳ የሆነ ተከታታይ ምት ሰማ። በይነመረቡ «ጂን ነው» እያለ ተሳለቀ። የድምፅ ሥርዓቶቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው የፈጠሩት ነበር። አለፈ።

ጳጉሜን 2 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በእኛ ሰዓት፣ ስታርላይነር በኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ በሦስት ፓራሹትና በአየር ከረጢቶች አረፈች። በመመለሻው የካፕሱሏ አንድ ትረስተር እምቢ አለ፣ አቅጣጫ መለያዋም ለአጭር ጊዜ ተደናገረች። ከዚህ ውጪ ንጹሕ ነበር።

እና ያ ጥያቄ መጣ። በሰላም ካረፈች ምን አስጨነቃቸው?

ለጠያቂው የምመልሰው ይህን ነው። ባዶዋን ስትመለስ የመጣችው በተለየ መንገድ ነው። ከጣቢያው የራቀችው ትረስተሮቿ እንዳይግሉ በተመረጠ አጭር መንገድ ነው። ሰው ሳይኖር የሚፈቀድ ሥጋት ሰው ሲኖር አይፈቀድም። ከሁሉ በላይ ግን ውሳኔ የሚመዘነው በወሰንክበት ሰዓት በነበረህ መረጃ ነው። ነሐሴ 18 ላይ ማንም ጳጉሜን 2ን አላየም። ሰክሮ ነድቶ ቤቱ በሰላም የገባን ሰው «ጥሩ ውሳኔ ወሰነ» አንልም።

የባንኩ ልጅ ይህን አልዋጠውም። «እሺ፣ ግን ስንት ዓመት እንዲህ እንላለን? ሁሉም ውሳኔ ከውጤቱ ነፃ ከሆነ ማን ተጠያቂ ይሆናል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው እኔ የነሐሴውን ከማወደስ ይልቅ የግንቦት 2014ቱን የምወቅሰው። ያኔ መረጃው ነበር። ትረስተሮች ጠፍተው ነበር። ምክንያቱ ሳይታወቅ «ተሳካ» ተብሎ ሰው ተጫነ። ያኛውን ውሳኔ የምመዝነው በውጤቱ አይደለም፤ በያኔው መረጃ ብመዝነውም አያልፍም።

ፖለቲካው፣ ከዚያም ሁለቱ

ጥር 2017 ላይ ዶናልድ ትራምፕ ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ጉዳዩ የፖለቲካ ሆነ። ጠፈርተኞቹ «ተጥለዋል» ተባለ፤ የስፔስኤክሱ ኢሎን መስክ እንዲያመጣቸው ተጠየቀ። የመመለሻው ዕቅድ ግን ከነሐሴ ጀምሮ የነበረ ነው፤ መመለሻ ድራገኗም ከመስከረም ጀምሮ ጣቢያው ላይ ቆማ ነበር። ቡች ራሱ ተጥለናል ብሎ እንደማያምን ከዚያው ሆኖ ተናግሯል። በዚህ ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም፤ ለውሳኔው ጥናት የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

ሁለቱ በዚያ ጊዜ ሥራ ነበራቸው። ሱኒ በመስከረም የጣቢያው አዛዥ ሆነች። በጥር ከቡች ጋር ወጥታ ከጣቢያው ውጭ የቆየችው ጠቅላላ ሰዓት 62 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ደረሰ፤ ለሴት ጠፈርተኛ ክብረ ወሰን ነው። መጋቢት 9 ለ10 ሌሊት፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ57 ደቂቃ፣ ፍሎሪዳ አጠገብ ባሕር ላይ አረፉ። ሁዳዴ ነበር፤ ከተማው ተኝቷል። ዶልፊኖች ካፕሱሏን ከብበው ሲዋኙ የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙዎቻችን ያየነው በነጋታው ነው።

ቦይንግ በስታርላይነር ላይ የከሰረው ገንዘብ ከ2 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ውሉ ቁርጥ ዋጋ ስለነበረ ክሳራው የራሱ ነው። በኅዳር 2018 ናሳና ቦይንግ ውሉን አሻሻሉ። የታሰቡት ስድስት በረራዎች ወደ አራት ወረዱ፤ ሁለቱ እንደ አማራጭ ብቻ ቀሩ። ቀጣዩ በረራ ዕቃ ብቻ እንዲጭን ተወሰነ። ትረስተሮቹ በዚያ በረራ ተፈትነው ካለፉ ነው ሰው የሚሳፈርባት።